ስንቁ ሐሙስ የሚያልቅበት ተማሪ
(በሬድዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

አምባሰል ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቅኝቱ ነው። ውጫሌ ሲባል የ1881ዱ ውል ይነሳል። ሐይቅ ከተማም በአጠገቧ በተኛው ውሃ ትታወቃለች። በዛሬው ዝግጅታችን ግን የምናነሳው እሁድ ከሰዓት በኋላ ከገጠር ቀበሌው ተነስቶ፣ የሳምንት ስንቁን በትከሻው ይዞ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ውጫሌ ስለሚወርደው ተማሪ ነው። ይህ ልጅ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ላይ ስለምን ይቀርብናል? ማንስ ነው ሊመልሰው የሚችለው?

ደብተሩ የሚዘጋበት ቀን

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመንደሩ ቅርብ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ግን ብዙውን ጊዜ ከተማ ላይ ነው። ስለዚህ የአስራ አራትና የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል። ምግቡን ራሱ ያበስላል፤ ልብሱን ራሱ ያጥባል፤ ሲታመም የሚያየው የለም። ከቤት ያመጣው እንጀራ ሐሙስ ላይ ያልቃል ወይም ይሻግታል። ዓርብን በቆሎ ያሳልፋል። የቤት ኪራይ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ አባት እህሉ ገና ከማሳ አልተነሳም።

ደጋው በበልግ የሚተዳደር ነው። በልጉ ሲሳካ ለአጨዳ ጉልበት ይፈለጋል፤ ሲከሽፍ ደግሞ ቤቱ ይራባል። በሁለቱም መንገድ ልጁ ይጠራል። አንድ ሳምንት ይቀራል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት። ሲመለስ ትምህርቱ ጥሎት ሄዷል። መምህሩ ፊት መቅረብ ያፍራል። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው «ልጄ፣ የት ጠፋህ?» ብሎ ቢጠይቀው ምናልባት ይመለስ ነበር። የሚጠይቀው ካልተገኘ ደብተሩ እዚያው ይዘጋል።

ለሴቷ ልጅ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል። የተከራየችበት ቤት ለደህንነቷ አስተማማኝ ላይሆን ይችላል። ወላጅ ይህንን ፈርቶ ወደ ቤት ይመልሳታል፤ ቤት ከገባች በኋላ ደግሞ የትዳር ጥያቄ ይመጣል። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። የአስረኛ ክፍል ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ዕድሜ አልደረሰችም።

ደላላው የሚገባበት በር

አድማጮቻችን፣ ክፍት የቀረ በር ሌላ ሰው ያስገባል። ደብተሩን የዘጋውን ልጅ ቀድሞ የሚያገኘው ደላላ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ የሚወስደው መንገድ ለወሎ ወጣት እንግዳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ዐረብ አገር ሠርታ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት የሠራች፣ ወንድሞቿን ያስተማረች እህት አለችን፤ ላቧን አናቃልልም። ወላጅም ልጁን የሚልከው ጠልቷት አይደለም፤ ቸግሮት ነው። እኛ የምንለው ስለ ጊዜው ነው። ዕድሜዋ በወረቀት ላይ ተጨምሮላት በአስራ ስድስት ዓመቷ የምትሄድ ልጅና አስራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ሙያ ይዛ፣ ውሏን አንብባ የምትሄድ ሴት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ስትመለስ የምትቀጥለው ትምህርት የላትም። ሁለተኛዋ ብትመለስም በእጇ የሚቀር ነገር አላት።

ጦርነቱና ፈተናው

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት ቀጠና ሆኑ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሌላው የአገራችን ክፍል ሲሰጥ የነዚህ አካባቢዎች ልጆች በስደት ላይ ነበሩ፤ በኋላ በሁለተኛ ዙር እንዲፈተኑ ሆነ። ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ ንብረቱን አጣ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትና ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል።

ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። በመጀመሪያው ዙር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ በመቶኛ 3.3 መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዙር 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1000 በላይ የሆኑበት ዓመትም ነበር።

ይህን ተከትሎ የአቅም ማሻሻያ ወይም «ሪሚዲያል» የተባለው መርሐ ግብር ተጀመረ። ማለፊያውን ለጥቂት ያጡ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ፣ የጎደላቸውን ለወራት ተምረው እንደገና ተፈተኑ። ብዙዎች በዚህ መንገድ ወደ አንደኛ ዓመት ተሻግረዋል። ነገር ግን ይህ በር የተከፈተው አስራ ሁለተኛ ክፍል ለደረሰው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስንቁ ያለቀበት ልጅ እዚያ በር ድረስ አይደርስም።

ከሩቅ አገር የተገኘ ልምድ

እ.ኤ.አ. በ1974 በኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በሚባለው ሰፈር፣ በላጓርዲያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት ለአካባቢው ሕዝብ ሁሉ ክፍት የሆነ፣ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ትምህርት ቤቱ የተቀበለው ጎበዝ የተባሉትን መርጦ አልነበረም፤ ያቋርጣሉ ተብሎ የተፈራላቸውን ልጆች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ በኦሪገን ግዛት የፖርትላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆናቸውን፣ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶች በግቢው ተቀብሎ ሁለተኛ ደረጃን እንዲጨርሱ ማገዝ ጀመረ። ሌሎች ኮሌጆችም ተከተሉት።

ሥራው እንዲህ ነው። ልጆቹ ጥቂት ሆነው በቡድን ይማራሉ። እያንዳንዱን በስሙ የሚያውቅ፣ ሲቀር የሚጠይቅ አማካሪ አላቸው። የሚወስዱት የኮሌጅ ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃውም ለኮሌጁም ይቆጠርላቸዋል። ደግሞም በየቀኑ የሚያዩት ከነሱ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ፣ መጽሐፍ ይዘው የሚሄዱ ወጣቶችን ነው። «አይችልም» ሲባል የኖረ ልጅ ኮሌጅ ግቢ ሲውል ስለ ራሱ ያለው ግምት ይለወጣል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነው?

አድማጮቻችን፣ ነገሩን ካስተዋልነው እንግዳ አይደለም። በመዲና የነብዩ (ሶ.ዐ.ወ.) መስጊድ ጥግ ላይ ሱፋ የሚባል ጥላ ያለው ስፍራ ነበር። ቤትና ንብረት የሌላቸው ሶሐቦች እዚያ እያደሩ ይማሩ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከነሱ አንዱ ናቸው። ነብዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ምግብ ያለው ሰው ከሱፋ ባልደረቦች አንዱን ወይም ሁለቱን ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ያሳስቡ ነበር። መማሪያው፣ ማደሪያውና ማዕዱ አንድ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

የወሎ ምድርም ይህን ያውቀዋል። ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉስ በዒልም የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ ሸሆቹ ዘንድ ሲቀመጥ የመንደሩ ሰው ያበላው ነበር። ማንም «የማን ልጅ ነው?» አይልም፤ ደረሳ ነውና። ታዲያ ለኪታብ የመጣውን እንግዳ ያበላ ሕዝብ፣ ለሒሳብና ለባዮሎጂ የመጣውን የራሱን ልጅ በኪራይ ቤት ጾሙን ሊያሳድረው ይገባልን?

ለግቢም ቢሆን ሩቅ አይደለንም። ከሐይቅ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢኬድ ደሴ ነው። እዚያ ለዐሥርት ዓመታት የወሎን ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረው ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስህን ነው። እሳቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ባለቤትና የእቴጌ መነን እናት ነበሩ። በተጨማሪም በደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሉ። ግቢው አለ፤ ልጁም አለ። የጎደለው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጠያቂ እንሁን። በየመስጊዱ ያለው ጀማዓ ከገጠር መጥተው የተከራዩ ተማሪዎችን በስም ይወቅ። ለአንድ ተማሪ አንድ ጠያቂ ይመደብ፤ ለሴቶቹ ሴት። ሥራው ቀላል ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን ማየት፣ ሲቀር ምክንያቱን መጠየቅ፣ ለአባቱ መደወል።

ሁለተኛ፣ ሐሙስና ዓርብን እናስብ። የከተማ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ተማሪ ቢያበላ ስንቁ ከትምህርቱ ጋር እኩል ይዘልቃል። አከራዮችም ኪራዩን እህል እስኪወቃ ቢታገሡ ሰደቃ ነው። ዘካን በተመለከተ ችግረኛ ተማሪ የሚገባው መሆኑን ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ክረምቱን እንጠቀምበት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእረፍት አገሩ ሲመለስ በመድረሳው ወይም በትምህርት ቤቱ ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠና። ከኢማሙና ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ አንድ ክፍል ማግኘት ከባድ አይደለም።

አራተኛ፣ ኮሌጆቻችንን እንጠይቅ። ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍታቸውንና ወርክሾፓቸውን ለዘጠነኛ፣ ለአስረኛና ለአስራ አንደኛ ክፍል ልጆች እንዲከፍቱ ሽማግሌዎችና የወላጅ ኮሚቴ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ልጁ ግቢውን የሚያየው ለፈተና የሄደ ዕለት ብቻ አይሁን።

አምስተኛ፣ ላቋረጠው ልጅ። ወንድማችን፣ እህታችን፣ ያቆምክበት ቦታ አልጠፋም፤ ያቆምሽበትም እንዲሁ። የስምንተኛ ክፍል ውጤታችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን በጥንቃቄ ያዙ። የማታ ትምህርት፣ በኋላም የግል ተፈታኝነት አለ። ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን መዝገብ ቤት አንድ ጊዜ ጠይቁ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሊቀር የሚችልበትን ሳምንት ከማንም በፊት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዚያ ሳምንት በሬውን ለጎረቤት አደራ ስጡና ልጁን ላኩት። ጎረቤቶች ሆይ፣ አደራውን ተቀበሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን። በየመንገዱ የቀሩትን ልጆቻችንን ወደ ቤታቸውና ወደ ትምህርታቸው ይመልስልን። ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።