የተማሪ ድጎማና የጤና ባለሙያ እጥረት በስሜን ተራሮች ግርጌ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ መሐንዲስ ስለ ጤና ባለሙያ እጥረት ለመናገር መነሣቱ ያስገርም ይሆናል። ዳሩ ግን ውኃ ከቧንቧው ጫፍ ሲጠፋ ቀድመን የምንጠይቀው «መስመሩ የት ላይ ያፈሳል?» ብለን ነው። ዛሬ የማቀርበውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ጎንደር ለዚህ ችግር ቀድሞ መላ የፈለገ ከተማ ነው። በደንቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች በቡድን ያሰማራ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከየቀበሌው ተመርጠው ለአንድ ዓመት ከሠለጠኑ በኋላ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛነት ወደዚያው ተመለሱ፤ ቁጥራቸውም በአገሪቱ ከ30,000 በላይ ደረሰ። በዚሁ ዓመት በሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እንዲከፍል ፈቀደ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ለደረሰው መንገድ አለው፤ መስመሩ የሚያፈሰው ከዚያ በፊት ነው።

ደባርቅ ስማር ከአጎቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መንደራችን ወርደን ስንቅ ይዘን እንመለሳለን። በሥነ ሕይወት ትምህርት ትበልጠኝ ነበር፤ ምኞቷም አዋላጅ ነርስ መሆን ነበር። በረዶ ገብሱን በመታበት ዓመት አባቷ ኪራዩን መክፈል ስላቃታቸው ከ9ኛ ክፍል አቋረጠች። እኔ የቀጠልሁት ታላቅ ወንድሜ በሬውን ስለሸጠልኝ ነው። ዛሬም በዚያ መንደር ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ወደ ደባርቅ ስትወሰድ፣ ያቺው የአጎቴ ልጅ ውኃ ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

ስለዚህ ድጎማው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጀምር። በደባርቅና በዳባት ለሚማሩ የገጠር ልጆች የቤት ኪራይና የቀለብ ገንዘብ ይሰጥ፤ ነርስነትን፣ አዋላጅነትን ወይም ላቦራቶሪን ለሚመርጡት እስከ ምረቃ ይቀጥል፤ እነርሱም ወረዳቸውን ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ይዋዋሉ።

ውል ብቻውን ሰውን አያቆይም የሚል ካለ እውነት ብሏል። መኖሪያ ቤትና በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ያስፈልጋሉ፤ የመቅጠሪያ በጀት ካልተያዘም የሠለጠነው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሆኖም ከመንደሩ የወጣ ልጅ ወደ መንደሩ የሚመልሰው ምክንያት አለው።

የአንዲት ክፍል ኪራይ ለእኛ ከባድ ወጪ አይደለም። ማኅበራችን በጥቂት ተማሪዎች ይጀምር ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።