ወተታችን እንዲታመን ከፋጉሎው እንጀምር



በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በተመረመረ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን መገኘቱ ሲሰማ፣ ብዙ ሸማች ወተት መግዛት ፈራ። ላሙን በንጹሕ መኖ የሚቀልበውም አብሮ ተጎዳ፤ የእሱን ወተት ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ ማስረጃ በእጁ አልነበረምና።

አፍላቶክሲን እርጥበት ባገኘው ፋጉሎ፣ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ላሟ ስትበላው ከፊሉ ወደ ወተቷ ያልፋል። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። የወተቱን መልክም ሆነ ጣዕም አይለውጥም። ወተት ማፍላት ተዋስያንን ስለሚገድል መቅረት የለበትም፤ ይህን መርዝ ግን አያጠፋውም። ስለዚህ መከላከል ያለብን ከመኖው ጀምረን ነው።

አንደኛ፣ ስጋቱ በየት እንደሚገባ ለዩ። ያን ጊዜ በተደረገው ጥናት በዋናነት የተጠቀሰው የኑግ ፋጉሎ ነው። ስትገዙ መቼ እንደተጨመቀ ጠይቁ፤ የረጠበ፣ የጓጎለ፣ የሻገተ ወይም የሚሸት ከሆነ አትግዙ። ሻጋታ አለመታየቱ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ቁርጡን የሚያሳውቀው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ሁለተኛ፣ ስጋቱን ቀንሱ። ጆንያውን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ። የሚያፈስ ጣሪያ ጠግኑ። በክረምት ብዙ አታከማቹ። የሻገተውን ከደህናው ጋር አትደባልቁ፤ ለዶሮም አትስጡ፣ ዶሮም ይጎዳልና። ላሟ ወደ ንጹሕ መኖ ስትመለስ በወተቷ ያለው መርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ለገዢው በግልጽ ተናገሩ። ፋጉሎውን ከማን፣ መቼ እንደገዛችሁ መዝግቡ። በማኅበር ሆናችሁ ናሙና አስመርምሩ፤ ውጤቱንም ለገዢያችሁ አሳዩ። የምርመራ ውጤት ሲነገራችሁ በየትኛው ገደብ እንደተመዘነ ጠይቁ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በኪሎ ወተት እስከ 0.5 ማይክሮግራም ሲፈቅድ፣ የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው 0.05 ብቻ ነው። አንዱ ወተት በአንደኛው አልፎ በሌላው ሊወድቅ ይችላል። ችግር ከተገኘ አትደብቁ፤ ገዢው ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእናንተ ይስማ፤ ምን እርምጃ እንደወሰዳችሁም አብራችሁ ንገሩት።

ከዚህ ስትመለሱ የመጀመሪያ ሥራችሁ የመኖ ማስቀመጫችሁን ከፍቶ ማየት ይሁን። የተጠራጠራችሁትን መኖ ለላም ከመስጠታችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የእንስሳት እርባታ ባለሙያ አማክሩ።