ለአሉሚኒየም ጀልባ ወለል ምን ዓይነት ፕላይውድ ይሻላል?

በአሜሪካ ሐይቆች ላይ የሚሠሩ ብዙ የአሉሚኒየም ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች አካላቸው ደህና ሆኖ የእንጨት ወለላቸው ቀድሞ ይበሰብሳል። ሁለት የሬዲዮ አቅራቢዎች ወሬያቸውን የጀመሩት ከዚህ ነው።

«ፀረ ብስባሽ መድኃኒት የጠጣ ፕላይውድ በየመደብሩ አለ። እሱን መግጠም አይቀልም?» አለች አቅራቢዋ።

ባልደረባዋ አላስጨረሳትም። «እሱማ ጀልባውን ይበላዋል! መድኃኒቱ መዳብ አለበት። እንጨቱ ሲረጥብ መዳቡና አሉሚኒየሙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚቦረቦረው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው።»

እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው መድኃኒት የጠጣ እንጨት አርሴኒክን ትቶ መዳብ ወደበዛበት መድኃኒት በመዞሩ አደጋው ብሷል።

«እንግዲያው ለጀልባ ተብሎ የሚሠራውን ልግዛ?»

«አቅምሽ ከፈቀደ ግዢ። ሙጫው የፈላ ውሃ ይችላል፤ የውስጥ ንጣፎቹም ክፍተት እምብዛም የላቸውም። ግን መድኃኒት ስላልነካው ካልታሸገ እሱም ይበሰብሳል።»

ክርክሩ የሞቀው የጀልባ ፕላይውዱ ዋጋ ሲነሳ ነው። ለነገሩ ውሃ በሚቋቋም ሙጫ የተሠራ ርካሽ ፕላይውድም ጠርዙና የቪቴ ቀዳዳዎቹ በኤፖክሲ በደንብ ከታሸጉ ለዓመታት ያገለግላል፤ ውሃ በብዛት የሚሰርገው በጠርዝ ነውና። ቪቴው ስቴንለስ ይሁን። የፕላይውዱ ውፍረት ደግሞ ወለሉን እንደሚሸከሙት አግዳሚዎች ርቀት 12 ወይም 18 ሚሊሜትር ይሆናል።