የፑል ዘንግ ክብደትና የእጅ ስሜት



የፑል ተጫዋች «ዘንጉ አልተስማማኝም» በሚልበት ጊዜ እጁ የሚሰማውንና ኳሷ የምትቀበለውን አንድ አድርጎ መናገሩ ነው። የገንዘቡም የእንጨቱም ብክነት የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

540 ግራም የሚመዝንና ሚዛኑ ከመያዣው ጫፍ በ47 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፍ ዘንግ ይታሰብ። በመያዣው ውስጥ፣ ከጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ የ30 ግራም ብሎን ቢጨመርበት ሚዛኑ ወደ ኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸሻል። የለመደ እጅ ይህን ወዲያው ያውቀዋል።

ከመካከሏ ወደ ጎን የተመታች ኳስ ከታለመላት መሥመር ማፈንገጧን ግን ብሎኑ እምብዛም አይለውጠውም። የዘንጉ ቆዳ ከኳሷ ጋር የሚቆየው የሴኮንድ አንድ ወይም ሁለት ሺሕኛ ያህል ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ወደ ጎን የሚገፋት በአብዛኛው የፊተኛው አንድ ስንዝር ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ አንዳንድ የአሜሪካ ሠሪዎች የዘንጉን ፊት ቦርቡረው ያቀለሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በቤቱ በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው ግን ሌላ ዕዳ ይገባል። ብሎን ተፈትቶ ይወጣል፤ የተፋቀ እንጨት መመለሻ የለውም። የዘንጉ ውፍረት ከ13 ወደ 12 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የተፋቀው ክፍል ክብደት ከመቶ 15 እጅ ሲቀንስ፣ ግትርነቱ ግን ከመቶ 27 እጅ ይጎድላል። ኳሷ የምታፈነግጠው በመጠኑ ቢቀንስም ዘንጉ በእጅ ላይ ይልመጠመጣል፤ ተጫዋቹም ለዓመታት የለመደውን አነጣጠር እንደ አዲስ መማር ይኖርበታል።