የናኖኢመልሽን ቅባቶችና የቆላው ሕመምተኛ
(የሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



ንግግሬን ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከቦረና ልጀምር። በዚያ ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ በመቀባበል ነው። ከብቱን ለማጠጣት ሩቅ የሚጓዝ የተልተሌ አርብቶ አደርም ጉልበቱን ቢያመው አያስደንቅም። ሕመሙን ለማስታገስ በቅርብ የሚያገኘው የዳይክሎፌናክ ወይም የአይቡፕሮፌን እንክብል ሊሆን ይችላል።

ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የአስፕሪን ዓይነት መድኃኒቶች የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማገድ ነው። ይኸው ንጥረ ነገር ግን ጨጓራን ይጠብቃል፤ ሰውነት ውኃ ሲያጥረውም ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስ ያግዛል። ስለዚህ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በ5 ተከታታይ ወቅቶች በቂ ዝናብ ባልጣለበት ምድር፣ የተጠማ ሰው የሚውጠው እንክብል ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል።

አንዱ አማራጭ መድኃኒቱን በሚያመው ቦታ ላይ መቀባት ነው። የዳይክሎፌናክ ጄል በጉልበት ላይ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት እንክብሉ ከሚያስገባው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የቆዳ የላይኛው ሽፋን ብርቱ አጥር ነው፤ መድኃኒቱም በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም።

ናኖኢመልሽን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ በዘይት ይሟሟል፤ ዘይቱም በሰርፋክታንት አማካይነት ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር ስፋት ባላቸው ጠብታዎች በውኃ ውስጥ ይበተናል። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ100 ናኖሜትር ጠብታዎች ሲከፋፈል የገጽታው ስፋት 60 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ጠብታዎቹ እንዳሉ ቆዳን ሰንጥቀው ያልፋሉ ማለት ግን አይደለም። መድኃኒቱ ከሰፊው ገጽታ እየተላቀቀ ወደ ቆዳ ይሻገራል፤ ዘይቱና ሰርፋክታንቱም የቆዳውን ስብ ያላላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ናኖኢመልሽን በባሕርዩ ዘላቂ አይደለም። ትናንሾቹ ጠብታዎች ቀስ በቀስ እየሟሟ ትልልቆቹን ያሳድጋሉ፤ ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። እንደ ሰሊጥና ኑግ ያሉ ረጅም ሰንሰለት ያላቸው ዘይቶች በውኃ እጅግ ጥቂት ስለሚሟሙ ሂደቱን ያዘገያሉ። ሁለቱም ከአገራችን ማሳ የሚገኙ ናቸው።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ የጠብታውን መጠን በተዘጋጀበት ቀን ለክታችሁ ሥራው ተፈጸመ አትበሉ። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ6 ወር በኋላ ደግማችሁ ለኩ። በቀዝቃዛ ቤተ ሙከራ የተሳካው ቅባት በቆላ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ መድኃኒት ቤት ከተበላሸ፣ ለተልተሌው ሰው የሚቀርለት ያው እንክብሉ ነው።