በ8 ያባዛሁበት ምክንያት



እዚሁ የካ ላይ ያደግን ሰዎች ማገዶ የምንገዛው በሸክም ነበር። እናቴ ታዲያ «ሸክሙን ሳላይ ዋጋ አትንገሪኝ» ትል ነበር። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ጉልበታቸው እኩል አይደለማ፤ «አንድ ሸክም» ማለት ብቻውን ምን ይነግራል?

እኔ ግን ይህን ረስቼ ኮምፒውተር ሳይንስ ገባሁ።

የመመረቂያ ሥራዬ ለሊኑክስ ትንሽ የፋይል ስርዓት መጻፍ ነበር። ከርነሉ ዲስኩን «እዚህ ጻፍ፣ ከዚያ አንብብ» የሚልበት «ባዮ» የሚባል የመረጃ መዋቅር አለው። ጄንስ አክስቦ ያመጣው ሲሆን በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሊኑክስ 2.6 ውስጥ ገብቷል። ቦታውን የሚያመለክተው ፊልድ ደረቅ ቁጥር ነው፤ የሚቆጠረውም ሁልጊዜ በ512 ባይት ነው። የእኔ ብሎክ ደግሞ 4096 ባይት ነበር። ስለዚህ የብሎኩ ቁጥር በ8 መባዛት አለበት። ይህን ለማወቅ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በ8 አባዛሁ፣ ሠራልኝ፣ ተመረቅሁ። ለምን እንዳባዛሁ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

በዓመቱ ኮዴን የተረከበው ታናሽ ጓደኛዬ ያቺን 8 አይቶ «ይህች ደግሞ ከየት መጣች?» ብሎ አነሣት። አንድ ብሎክ ጽፎ ሲያነብ ትክክል መጣለት፤ የሚጽፍበትም የሚያነብበትም ቦታ እኩል ተሳስቷላ! ፋይሉ ሲተልቅ ግን 1001ኛው ብሎክ 1000ኛው ላይ ተደርቦ ከስምንት እጅ ሰባቱን አጠፋው። የሁለት ወር የሙከራ ውጤቱ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር።

ይቅርታ ስጠይቀው «ኮድህ ደህና ነበር፤ የጎዳኝ ዝምታህ ነው» አለኝ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አብሮን ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ፊልድ አጠገብ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ በምን ይለካል? ማን ይለውጠዋል? መቼ ይለቀቃል?

መምህሮቼ፣ ልመና አለኝ። የተማሪ ኮድ ስታርሙ ሠራ አልሠራ ብቻ አትበሉ፤ ለሚቀጥለው ሰው ለተጻፈችው መስመርም ነጥብ ስጡ።

የእኔን በኋላ ጨምሬያታለሁ፦ «ብሎክ በ4096 ባይት፣ የባዮ ሴክተር በ512 ባይት ይቆጠራል፤ ስለዚህ በ8 ይባዛል።» ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀችብኝም።