«ሲስተም የለም!»

(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ)

ድሮ ቢሮ ስንሄድ «ነገ ና!» እንባል ነበር፡፡ ዛሬ ሰልጥነናል፤ «ሲስተም የለም!» እንባላለን፡፡ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? «ነገ ና» የሚለው ሰውዬ ስምም አለቃም ነበረው፤ ትለምኑታላችሁ፣ ትከሱታላችሁ፣ ሲብስም ትረግሙታላችሁ፡፡ የሲስተም አለቃ ግን ማነው?

በምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ «የሰይጣን ድምፅ ነው» ያሉ ነበሩ ይባላል፡፡ እኔ እንኳ ሲስተምን ሰይጣን አልለውም፤ ሰይጣን በጠበል ይለቃል!

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ፤ እሰየው አልን፡፡ በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ተከለከለ፤ እሺ አልን፡፡ ግን በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሳምንታት ጥርቅም ብሎ እንደነበር አንርሳ፡፡ ብራችን ስልካችን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ግን ኪሳችን ውስጥ የለም፡፡

ማሽኑ ይምጣ፣ እንኳን ደህና መጣ! ብቻ ሲስተም ሲጠፋ እስክሪብቶና ደረሰኝ የሚያወጣ፣ ስሙን ደረቱ ላይ የለጠፈ ሰው ይኑር፡፡ ጡረታቸውን ሊቀበሉ ከንጋት ጀምሮ የተሰለፉ እናት «ሲስተም የለም» ተብለው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ ጦሙን የሚያድረው ሲስተሙ አይደለም፡፡